ፍሪጁን እስከ መጨረሻው ያዞርኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ላሳደጉኝ ለሐጂም አልነገርኳቸውም። ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ደፍቼ ብቻዬን ስለምን እንኳ ድርጊቱን በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ "አንተ ታውቃለህ" ብዬ ነው የማልፈው። እንዴት ያለ ብልጠት ነው! አምላክን ለማታለል የሚሞክር ሰው ከእኔ ሌላ አይቼ አላውቅም።

ሙስሊም ነኝ፤ የንስሐ አባት የለኝም። በእኛ ዘንድ የሰው ሐቅ የያዘ ሰው መጀመሪያ ባለሐቁ ጋ ሄዶ አፉ ማስባል፣ ይቅርታ ማግኘት አለበት። እኔ የሁለት ሴቶች ሐቅ አለብኝ። አንዷ ሞታለች። ሁለተኛዋ በሕይወት አለች፤ ፊቴ ቆማ አይቻታለሁ፤ ያኔም ዝም ብያለሁ። ለዚህ ነው ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ፣ የምነግርህ። ለማያውቁት ሰው መናገር ቀላል ነው። ይህም ፈሪነት መሆኑ አልጠፋኝም።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። እናቴ ስትሞት እህቷ ሐሊማ ወደ ጅቡቲ ወስዳ አሳደገችኝ። እቴቴ ነበር የምላት። እሷና ባሏ ሐጂ ልጅ አልነበራቸውም። ሐጂ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር የስልክና የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ እኔ ጠዋትና ማታ እዚያ እቆማለሁ፤ የምንኖረው ግን ሆዳን ሰፈር ነበር። ቤት ውስጥ ብርቱካን ነበረች። ከወሎ የመጣች፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ ምግብ የምታበስልና እቴቴን የምትንከባከብ ሴት ናት። እቴቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ዓይኗ ስለደከመ መድኃኒቷን፣ ኢንሱሊኑን፣ በመርፌ እየቀዳች የምትወጋት ብርቱካን ነበረች።

እኔ ደግሞ አንድ ሱስ ነበረብኝ። ጫት አይደለም፤ ጫቱን ከሰው ጋር ለመቀመጥ ያህል ነው የምቅመው። የእኔ ሱስ ኮምፒውተር ማስሮጥ ነበር። ማንኛውም ኮምፒውተር ፋብሪካው የወሰነለት ፍጥነት አለው። ከዚያ በላይ እንዲሮጥ ማስገደድ ይቻላል፤ ኦቨርክሎክ ይሉታል። ጉልበት ትጨምርለታለህ፣ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይጠፋል፣ ባስ ካለም ይቃጠላል። ስለዚህ ጨዋታው በሙሉ የማቀዝቀዝ ጨዋታ ነው። ከዚያ ፍጥነቱን የሚለካውን ፕሮግራም ታስኬድና ያገኘኸውን ነጥብ ከነፎቶው ኢንተርኔት ላይ ትለጥፋለህ። ከመላው ዓለም ተወዳዳሪዎች ጋር ትሰለፋለህ፤ ከስምህ አጠገብ የአገር ባንዲራ ይቀመጣል። የጅቡቲ ባንዲራ በሰንጠረዡ ላይ አልነበረም። እኔ አስቀምጠዋለሁ አልኩ።

ሽልማት አልነበረውም። ፊንላንድ ወይም ኮሪያ የተቀመጠ አንድ የማላውቀው ሰው "ከጅቡቲ? በዚያ ሙቀት?" ብሎ እንዲገረምልኝ ብቻ ነበር። እነሱ መስኮት ሲከፍቱ ብርዱ በነጻ ይገባላቸዋል። እኔ በሐምሌ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚያቃጥል ውሃ በሚወርድበት ከተማ ነው የምወዳደረው። ይህ ልቤን ያሳብጠው ነበር። ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይኸው ያበጠ ልብ ነው።

የእኔ ዘዴ ይህ ነበር፦ ውሃና የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን አንቲፍሪዝ ቀላቅዬ በጀሪካን ፍሪዘር ውስጥ አሳድራለሁ። ድብልቁ ከዜሮ በታች ወርዶም አይረጋም። በማግስቱ አውጥቼ በትንሽ ፓምፕ የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው በፕሮሰሰሩ ላይ አዞረዋለሁ። እስኪሞቅ ድረስ ባለው ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነጥቤን አስመዘግባለሁ። ለዚህ ሥራ ወጥ ቤት ያለው አሮጌ ፍሪጅ ነበር መሣሪያዬ። አንድ ጊዜ ለጀሪካኔ ቦታ ፍለጋ ሥጋ አውጥቼ ረስቼው ቤቱ ሁሉ ገማ። ሐጂ ተቆጡ። እቴቴ ግን ከአፌ ነጥቃ "እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እርጅናዬን ምን ላድርገው" አለች። እሳቸውም አላመኗትም፤ ወደ እኔ ዞረው "ያ ማሽን ዳግመኛ ወጥ ቤቴ ከገባ ባሕር ውስጥ ነው የምወረውረው" አሉኝ። የተናገሩትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

እቴቴ ኮምፒውተሬን "ሙሽራህ" ነበር የምትላት። "ፉአድ፣ ሙሽራህ ዛሬም አተኮሳት?" ትለኝና ትስቃለች። ከእኔ ክፍል ኤሲ የእሷ ስለሚሻል "አምጣት፣ እዚህ ትረፍ" ብላ ክፍሏን ትለቅልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው አንጀትህን ለመብላት አይደለም። ማንን እንደበደልኩ እንድታውቅ ነው።

በዚያ ዓመት በሙቀቱ ወራት ሐጂ አሮጌውን ፍሪጅ ሸጠው ትልቅ አዲስ አስገቡ። የውድድሩ ዙር የሚዘጋው በዚያው ሰሞን ነበር። ኸምሲኑ፣ የበረሃው ትኩስ ነፋስ፣ አሸዋውን እያነሳ ከተማውን ይጠብሳል። ሐሙስ ማታ ሁሉም ሲተኙ ጀሪካኔን ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩና የፍሪጁን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። በአሮጌው ሁልጊዜ እንደዚያ አደርግ ነበር፤ አሮጌው ጉልበት ስላልነበረው የታችኛው ክፍል እንደ ነገሩ ይቀዘቅዛል እንጂ ምንም አይሆንም ነበር። አዲሱ ግን አዲስ ነው። አንድ ነገር ከተገመተለት በላይ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ማወቅ ሥራዬ አልነበረም? ስለ ፕሮሰሰሬ እያንዳንዷን የሙቀት ነጥብ የምለካ ሰው ፍሪጁን አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቼ አላየሁም።

እቴቴ መድኃኒቷን የምታስቀምጠው በአሮጌ የሐላዋ ጣፋጭ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ሙቀት እንዳያበላሸው ብላ ከታችኛው መደርደሪያ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ትገፋዋለች። ሙቀት በበዛበት አገር መድኃኒት የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ብርድ መድኃኒት ያበላሻል ብሎ ጅቡቲ ውስጥ ማን ያስባል?

አርብ ረፋድ ላይ ሐጂ ለጁምዓ ወጡ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ማሽኔን ወጥ ቤት አስገብቼ ጀሪካኑን አወጣሁ፣ ፓምፑን አስነሳሁ፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ፍጥነቱን ጨመርኩ። ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ያዘ። ነጥቡ ወጣ። የጅቡቲ ባንዲራ ሰንጠረዡ ላይ ከስሜ አጠገብ ሲቀመጥ አየሁና እንደ ልጅ ጮህኩ። ብርቱካን ከበረንዳ "ምን ሆንክ?" ብላ ተጣራች። ምንም አልሆንኩም አልኳት።

ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ልጠጣ ፍሪጁን ከፈትኩ። የውሃው ጠርሙስ ድንጋይ ሆኗል። ወተቱም እንደዚያው። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ የሐላዋውን ቆርቆሮ አወጣሁት። ክዳኑ በረዶ ይዞ ተጣብቋል። በግድ ከፈትኩት። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነጭ ሆኖ ረግቶ ነበር።

በመዳፌ ይዤ አሞቅኳቸው። ቀለጡ። እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ውሃ መሰሉ። ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩና አነበብኩ፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣል ይላል። አነበብኩት። አላወቅኩም ነበር እንዳልል ይህን ደግሜ እጽፋለሁ፦ አነበብኩት። ስልኩን ዘጋሁ፣ ማስተካከያውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ብልቃጦቹን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼ ቦታቸው አስቀመጥኩ። በሐጂ ስም ፋርማሲ ገብቼ አዲስ ማምጣት እችል ነበር። ገንዘብ አጥቼ አይደለም። ወጥ ቤት የገባው ማሽኔ ባሕር ውስጥ እንዳይወረወር ነው። ነገ በዘዴ እተካዋለሁ አልኩ።

ያን ቀን ማታ ብርቱካን ወጋቻት። አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። እቴቴ ምንም አልሆነችም፤ ቀለደች፣ ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ። ኢንተርኔት የሚያወራው ሁሉ እውነት ይሆናል እንዴ አልኩ። ለራሴ ፈጥኜ የማምን ሰው ነኝ።

ቅዳሜ አንድ ሰው ነጥቤን አለፈው። ብሽቅ አልኩ። ዙሩ ሳይዘጋ ልመልስለት ፈለግኩ። ፍሪጁን ለሁለተኛ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አሁን ልብ ብለህ ስማኝ፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በዚህኛው ጊዜ የሐላዋውን ቆርቆሮ ተጠንቅቄ አወጣሁና በጨርቅ ጠቅልዬ ከኤሲው ሥር ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አኖርኩት። የሞተ መድኃኒት እንዳይበላሽ ተጠነቀቅኩለት! ጥፋቴን ካላወቅኩ ለምን አወጣሁት? ካወቅኩ ለምን መልሼ አስቀመጥኩት? ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት ሙሉ መልስ ፈልጌ አላገኘሁም። ነጥቤን ግን አስመለስኩ።

እሑድ እቴቴ ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች። በዚያ ሙቀት ያልተጠማ ማን አለ? ሁላችንም ስንጠጣ ነበር የምንውለው። ሰኞ ደከማት፤ ሽንት ቤት ተመላለሰች፤ ከንፈሯ ደረቀ። የስኳር መለኪያዋን ስታይ ከፍ ብሏል፤ "ሐላዋዬን ደብቄ በልቼ ነው፣ ለሐጂ እንዳትነግሩብኝ" ብላ ሳቀችና ብርቱካንን መድኃኒቱን ጨመር እንድታደርግላት አዘዘቻት። ብርቱካን ጨመረች። ከዚያው ብልቃጥ ነው የጨመረችው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። "ተይው" ማለት ያቅታል? ሱቅ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ እቴቴ የማንጎ ጭማቂ አማረኝ አለች። ብርቱካን አይሆንም አለቻት። ለመነቻት። "አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ" አለቻት። ብርቱካን አንጀቷ አልችል ብሎ ግማሽ ብርጭቆ ሰጠቻት። ይህን እኔ አላየሁም፤ በኋላ ራሷ ናት የተናገረችው።

ማክሰኞ ጠዋት እቴቴ አልነቃም አለች። መለኪያው ከሚችለው በላይ ሆኖበት ቁጥር መስጠት ትቶ ነበር። መሣሪያ እንደዚያ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድናት።

ሐኪሙ ከውጭ የመጣ፣ ከፈረንሳይኛ ሌላ የማይችል ሰው ነበር። የሐጂ ፈረንሳይኛ ከሱቅ አያልፍም፤ ብርቱካን ምንም አትሰማም። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መድኃኒቱ ነበር። እንዴት ነው የምታስቀምጡት፣ መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር ወይ፣ ተበላሽቶ ይሆን ወይ አለኝ። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ በፈረንሳይኛ "ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ መብራትም አልጠፋም" አልኩት።

ሐጂ "ምን አለ?" አሉኝ።

"ምን በላች ነው የሚለው" አልኩ።

አየህ፣ ያልተጠየቀውን ጠየቅኩ። የተጠየቀውን ዋጥኩ። ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። "ጭማቂ ሰጥቻታለሁ፣ የማንጎ። ለምናኝ ነው። ሐጂ፣ ለምናኝ ነው" አለች። ሐጂ ፊታቸውን ከእሷ አዞሩ። እኔ ደግሞ ይህችን ቃል በቃል፣ አንዲት ሳላጓድል፣ ለሐኪሙ ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ጻፈ።

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር እቴቴ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ሆስፒታሉ የራሱን መድኃኒት ሰጥቷት ነበር፤ ዘግይተናል። እውነቱ ያድናት የነበረው አርብ ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ነው። ማክሰኞ ግን ብርቱካንን ያድናት ነበር።

ልብስ ላመጣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ስላክ የሐላዋውን ቆርቆሮ ከነብልቃጦቹ በላስቲክ ቋጥሬ ከሰፈሩ ቆሻሻ ገንዳ ጣልኩት። እቴቴ ሐሙስ ዐረፈች። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ለቀስተኛው ሁሉ "ልጇ ነህ፣ አላህ ያጽናህ" እያለ ትከሻዬን መታ። እኔም "አሚን" አልኩ።

ሐጂ ብርቱካንን አልሰደቧትም፣ አልከሰሷትም። "ፊትሽን ማየት አልችልም" ብቻ አሏት። ልብሷን በፌስታል ቋጥራ አርሂባ ሰፈር፣ ተሰብስበው ወደሚኖሩ የአገሯ ልጆች ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ነገር እንድናገርላት የጠበቀች ይመስለኛል። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። ምንም አላየሁበትም፤ ባዶ ስክሪን ነው ያየሁት።

ወሬው ከተማ ውስጥ ካሉ አበሾች ጆሮ ገባ። "አሮጊት ገደለች" የተባለች ሴት ማን ቤቱ ያስገባታል? ልብስ እያጠበች ኖረች ሲሉ እሰማ ነበር። ሰምቼም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ማሽኔን ሸጥኩት፤ ይህን እንደ ንስሐ ቆጥሬው ነበር። ነጥቤን ግን አልሰረዝኩትም። እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ ብዙ ሰው አልፎታል፤ ታች ወርዷል። አንዳንድ ጊዜ እየገባሁ አየዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሐጂ ሱቁን ለእኔ ከተዉልኝ ወዲህ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብርቱካን ካርቲየ አንድ መጣች። ከስታለች፤ እጇ በሳሙና ተበልቷል። ደንበኞች እስኪወጡ ድረስ ውጭ ጥላ ፈልጋ ቆማ ጠበቀች። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ከዚያ ገባች።

"ፉአድ፣ አወቅከኝ?" አለች።

"ብርቱካን" አልኩ።

"አገሬ ገብቼ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የሰው ነፍስ አጥፍቻለሁ አልኳቸው። ቀኖና ሰጡኝ፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ግን ቤተሰቡን ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ሐጂ ፊት መቆም ፈራሁ። አንተ ልጇ ነህ።" እጆቿን ዘረጋችልኝ። "ከዚያ ወዲህ ማንጎ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ስትለምነኝ አንጀቴ አልቻለም እንጂ፣ እኔ እማማን ልጎዳ አስቤ አይደለም። ይቅር በለኝ።"

ከዚያ ተንበርክካ እግሬን ልትስም ጎንበስ አለች። ክንዷን ይዤ አነሳኋት። አሁን በል፣ አሁን፣ ማንም የለም፣ በሩ ክፍት ነው፣ ተናገር አልኩ በልቤ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ይህ ነው፦

"ይቅር ብዬሻለሁ።"

ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር ልነግርህ አልችልም። ዓመታት ያጎበጧት ሴት ቀና አለች። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ቀለለኝ" አለችኝ። ስልክ ቁጥሯን አስመዘገበችኝና፣ ለእቴቴ ዱአ ሳደርግ እሷንም እንዳልረሳት ለምና ወጣች። እኔ ተመልሼ የሰው ስልክ መጠገን ጀመርኩ።

ያልተናገርኩት ይህን ነው። መድኃኒቱን ማርጋቴ ስሕተት ነበር ልትለኝ ትችላለህ፤ ወጣት ነበርክ ትለኛለህ። መዋሸቴን ፍርሃት ነው ትለዋለህ። ያቺን ሴት "ይቅር ብዬሻለሁ" ማለቴን ግን ምን ትለዋለህ? እኔ ገድዬ፣ እሷ ጾማ፣ እሷ ሰግዳ፣ እግሬ ሥር ወድቃ፣ እኔ ይቅር አልኳት። ከሠራሁት ሁሉ ይህን የሚያክል ግፍ የለኝም።

ሐጂ አርጅተዋል፣ ብነግራቸው ይሞቱብኛል እላለሁ። ሚስቴ ትለየኛለች እላለሁ። ብርቱካንም አንዴ ቀልሏታል፣ ለምን ልቀስቅስባት እላለሁ። ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። እውነቱ መታየት አልፈልግም ነው። ስለዚህ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያንተ ሐቅ አልተነካም፤ ይቅርታህም ለእኔ አይሆንም።

ማለት የሚገባኝ ረጅም አይደለም። ብርቱካን፣ ጭማቂው አይደለም። መድኃኒቱ ረግቶ ሞቶ ነበር፤ አንቺ የወጋሻት ውሃ ነው፤ ፍሪጁን እስከ መጨረሻው ያዞርኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ስልኩም አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ ነው። አላነሳሁትም።